በግራ የሚወጡባት መኪና

መኪናዬን ከአባቴ ደጅ አስጭኜ ካመጣኋት ወዲህ፣ ዳንግላ ጋራዤ ግቢ ውስጥ ቆማ ያያት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ መሪዋ ነው። ስለ ቀለሟ አይጠይቁም። ከመሬት ይህን ያህል እንዴት ዝቅ አለች ብለውም አይጠይቁም። አጎንብሰው በመስኮት ያዩና "ምነው መሪው በቀኝ ሆነ?" ይላሉ። ሥራ ከያዘኝ "ስትሠራም እንዲህ ነበረች" ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማስረዳት ስለ አባቴና ስለ ፈረስ ማውራት አለብኝ፤ ባጃጁን ሊያስጠግን የመጣ ሰው ደግሞ ያንን ሁሉ ቆሞ የሚሰማበት ጊዜ የለውም።

የመኪና ፍቅር ከየት እንደተጋባብኝ አላውቅም። ከቤተሰቤ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በጥርባ በኩል የሚኖር ገበሬ ነበር። ገብስና ድንች ያመርታል፣ ጓሮው ቀርከሃ አለው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፈረሰኛ ነው። በእኛ አገር ፈረሰኛና ባለ ፈረስ ይለያያሉ። ፈረስማ ሁሉም አለው፤ ገብስ ይጭንበታል፣ ገበያ ይሄድበታል። ፈረሰኛ የሚባለው በጥር በዓል ፈረሱን ግላስ አልብሶ ሜዳ የሚወጣው፣ ሰርግ ሲሆን ሙሽራ የሚያጅበው፣ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ የሚጋልበው ነው። ግላስ የምለው ፈረሱ በላዩ የሚለብሰውን ባለ ቀይ ዘርፍ ጌጥ ነው። ፈረሰኛው ራሱ የሞተ ቀን ደግሞ ፈረሱ ግላሱን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶውን፣ ልጓሙን ሰው ይዞለት በለቃሽ መሃል ይመራል። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። አስከሬኑ ሲያልፍ ችሎ የቆመው ሰው ሁሉ ባዶው ኮርቻ ሲመጣ አይችልም።

አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም። እናታችን ቀድማ አርፋ እኔና ታላቅ እህቴ ቀረንለት። እህቴ ፈረስ ትፈራለች። እኔን ኮርቻ ላይ አውጥቶ ሊያስተምረኝ ሞክሯል፤ ጎረቤቱ ሴት ልጅ ምን ልትሆን ነው እያለ ሲያጉረመርም ጆሮ አልሰጠውም። እኔ ግን ፈረሱ ላይ ሆኜ ዓይኔ አስፋልቱ ላይ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቴ አብሮ ይዞራል፣ ልጓሙን እለቀዋለሁ፣ ፈረሱ ደግሞ ልጓም የለቀቀ ሰው ይንቃል። ሁለት ጊዜ ጣለኝ። በኋላ አባቴ ራሱ ተወው።

ለትምህርት እንጅባራ አክስቴ ዘንድ ስገባ ጨርሶ ለየልኝ። የአክስቴ ቤት ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ዳር ነው፣ ፊት ለፊቱ ጎማ ጠጋኝ አለ። ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ እለየው ነበር፤ ይሄ ከሰል ጭኗል፣ ይሄ ባዶውን ነው፣ ይሄኛው የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀዷል። አክስቴ ይህን ያህል ለሒሳብ ብታስቢ ኖሮ ትለኛለች።

አንድ ቀን በድምፅ የማላውቀው መኪና መጥቶ ቆመ። ወጥቼ አየሁ። ቀይ፣ አጭር፣ በሩ ሁለት ብቻ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። ጎማው ተንፍሶበት ነው። ጠጋኙ ሲሠራ እኔ ዙሪያውን እዞራለሁ። ባለቤቱን ሌላው ሰው የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠየቅኩት። "ሌላ ሰው የለም" አለኝ። ጉድ አልኩ። በእኛ አገር መኪና ማለት ሰው የሚጠቀጠቅበት ነው፤ ሚኒባሱ ጠጋ በሉ ጠጋ በሉ ሳይባል አይንቀሳቀስም። ሌላ ሰው የሌለበት መኪና ልቤን ይዞት ሄደ። ሌሎች ልጆች ነርስ እሆናለሁ፣ አስተማሪ እሆናለሁ ሲሉ እኔ የምለው ያቺን መኪና ነው።

ቴክኒክና ሙያ ገብቼ የመኪና ጥገና ተማርኩና ዳንግላ ላይ ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ። መቼም ወሬ አይቀርም፤ እጇ ግሪስ የለመደን ሴት ማን ያገባታል ተባለ። እውነትም ያገባኝ የለም፤ ባጃጁን ያላስጠገነኝ ግን የለም። ለነገሩ ባጃጅ አልወድም። ሦስት እግር ያለው ነገር ለመቀመጫ ነው እንጂ ለመንገድ አይሆንም። እንጀራዬ እሱ ሆነና ዝም አልኩ።

መኪናዬን ያገኘኋት ጫግኒ ነው፤ በአንድ ነጋዴ ግቢ ማንጎ ሥር ተጥላ ዶሮ እንቁላል ትጥልባት ነበር። ባለ ሁለት በር የድሮ የቤት መኪና ናት። ሰውየው ምን ልታደርጊያት ነው ሲለኝ "ለዶሮ" አልኩት፣ ዋጋ እንዳይሰቅልብኝ። ዳንግላ አስጭኜ ሳወርዳት የሰፈሩ ሰው ይቺን ቆራሌው እንኳ አይወስዳትም ብሎ ሳቀብኝ። ስመረምራት መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ ሆኖ አገኘሁት። በተሠራችበት አገር የሚነዱት በቀኝ ተቀምጠው ስለሆነ፣ እዚህ ስትገባ አዛውረውታል። በቀኝ በኩል የድሮው መሪ ያለፈበት ቀዳዳ በላሜራ ተለጥፎ ይታያል። ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ቀለም ሲያርፍበት ይጠፋል አልኩ።

አብሮኝ የሠራው ዳንግላ ያለ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ ላሜራ ቀጥቅጦ የሚያቃና፣ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ነገረኛ። ለሥራው አንድም ቀን ቸኩሎ አያውቅም፣ ለጭቅጭቅ ግን ፈጣን ነው። ዝገቷን ፋቅን፣ ሞላዋን ቆርጠን ዝቅ አደረግናት፣ የኋላ ወንበሯን አውጥተን ጣልን። ከፊት እንደ አግዳሚ የተያያዘ አንድ ረጅም ወንበር ነበራት፤ እሱንም ነቅዬ ሁለት ጎድጓዳ ወንበሮች አስገባሁ። የማርሹ ሳጥን በሁለቱ መሃል ከፍ ብሎ እንዲያልፍ አደረግኩት። ያ ጎማው የተነፈሰበት ሰውዬ ምን ይል ይሆን እያልኩ ነው የሠራሁት።

ያስቸገረን አፍንጫዋ ነው። እኔ እንዳየሁት እንዲሾል እፈልጋለሁ፣ ላሜራው ይቀደዳል እንጂ አይጎብጥም። በመጨረሻ አባቴ ዘንድ ሄጄ ቀርከሃ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ቆርጦ፣ ሰንጥቆ፣ ጠቅልሎ አሸከመኝ። ቅርጹን በቀርከሃ ጠፍረን ሠራንና በላዩ ፋይበር አለበስነው፤ ሲደርቅ ቀርከሃውን ከውስጥ መዘዝነው። ቀለሙ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዳንግላ በክረምት ቀለም አይደርቅም፣ በበጋ አቧራ ይለጠፍበታል። ዝናቡ ቆሞ አቧራው ሳይነሳ ያለችዋን አጭር ጊዜ መጠበቅ ነው። አንዱን ዓመት አመለጠችን፣ በሚቀጥለው ጥቅምት ላይ ቀባናት። ቀይ።

ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎው መስታወቷ ላይ ሲለጠፍ ባትላሜራው እንኳ አፉን ያዘ። ከእንግዲህ ሕጋዊ ናት፤ ባሕር ዳር ብነዳት፣ አዲስ አበባ ብወስዳት ከልካይ የለብኝም። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ እንዲቀመጥባት ፈለግኩ። ሌላ ሰው የለም ያለኝን ሰውዬ ያህል እኔ አልጨከንኩም፤ ያቺ ሁለተኛዋ ወንበር ከመጀመሪያውም የአባቴ ናት። ፈረስ ላይ ልቤን ሳላሳየው ቀርቻለሁ፣ እዚህ ላይ ላሳየው አልኩ።

ኅዳር ላይ መሬቱ ሲጠነክር ነድቻት ሄድኩ። ከአስፋልቱ እስከ አባቴ ደጅ ያለው አጭር የሣር መንገድ ነው፤ ሆዷን እያስፈተግኩ በእርምጃ ገባሁ። አባቴ አጥር ሥር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጧል፤ ከጉርምስናቸው ጀምሮ አብረውት የጋለቡ ጓደኛው ናቸው። ሁለቱም ተነሡ። አባቴ ዞራት። ቁጢጥ ብሎ ጎማዋን ሰኮና እንደሚያይ አየ፣ ኮፈኗን በመዳፉ ደባበሰ፣ አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ በጣቱ አንኳኳ። ያንተ ቀርከሃ ነው ያወጣው አልኩት። "ታምራለች" አለ፣ በአማርኛ። አባቴ ከፈረሱ ጋር የሚያወራው በአገውኛ ነው፤ አማርኛ ለከተማ ነገር ነው። ቢሆንም ታምራለች የሚል ቃል ከአፉ የሚወጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

እንጅባራ ደርሰን እንመለስ ውጣ አልኩት። ጋቢውን አስተካከለና በግራ በኩል ሄዶ የኔን በር ከፈተ። አባዬ በዚያ በኩል አይደለም፣ ያንተ ቦታ በወዲህ ነው ስለው፣ እጁን ከበሩ ሳያነሳ ዞሮ አየኝ።

"ፈረስ በቀኝ ወጥቼ አላውቅም" አለኝ።

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ፈረስ የሚወጣው በግራ መሆኑን በእኛ አገር ሕፃኑም ያውቃል፤ ግራ እግር እርካብ ላይ፣ ቀኙ ዞሮ ያልፋል። በቀኝ ሲንጠላጠል የታየ ሰው ካለ ወይ ጠጥቷል ወይ የሰው ፈረስ ሊሰርቅ ነው ተብሎ ይሳቅበታል። እኔ ግን የሠራሁት መኪና ነው። አውቶቡስስ የምትገባው በቀኝ አይደለም ወይ ብዬ ሞገትኩት። ያ ሌላ ነው አለ፤ አውቶቡስ ላይ እንደ ገብስ ነው የምጫነው፣ ይቺ ግን የልጄ ናት፣ የልጄን እንደ ሌባ በቀኝ አልወጣም። ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን እየጫሩ አባትሽ ልክ ነው አሉ። በግራ ገብቶ ተንፏቆ እንዳያልፍ ደግሞ የማርሹ ሳጥን መሃል ላይ ተገትሯል፤ ረጅሙን ወንበር ነቅዬ የጣልኩት እኔው ነኝ። አባቴ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋውና ቁርስ ብዪ አለኝ።

እንዴት እንደተናደድኩ! ስንት ዓመት የለፋሁባትን መኪና አይቶ በበር የሚጣላ ሰው ምን ይሉታል? ግትርነት በዘር የሚወረስ ከሆነ ደግሞ እኔም ድርሻዬን ወስጃለሁ። ከዚያ ወዲህ አባቴን ለመጠየቅ ስሄድ በሚኒባስ ሆነ፣ ሦስተኛ ሰው ተደርቦብኝ፣ ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ። እሱም መኪናሽስ አላለኝ፣ እኔም አላነሳሁበት።

በሚቀጥለው ዓመት ፈረሱ አርጅቶ ሞተ። አባቴ ሌላ አልገዛም፤ ዳሌውን ያመው ነበር፣ ኮርቻ ላይ መውጣትም አቅቶት ነበር። ከፈረሱ በኋላ ሐሳቡ መበታተን ጀመረ። አብራው የምትኖረው እህቴ ደውላ፣ ማለዳ ተነስቶ ኮርቻውን ተሸክሞ ጋጣው በር ላይ ይቆማል አለችኝ። ፈረሱ ሞቷል ሲሉት እህ ይላል፣ በማግስቱ ያው ነው። ጎረቤቶች መጥተው እየመከሩት ሲሄዱ እሱ በትሕትና ይሰማቸዋል፣ ቀጥሎ ልጓሙን ይፈልጋል።

ግንቦት ላይ ሆስፒታል እንዲታይ ልወስደው በመኪናዬ ሄድኩ። ሲያያት ፊቱ በራ። ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ሄደ። ክርክር አልፈለግኩም፤ ክንዱን ይዤ በቀስታ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ እሺ ብሎ ተከተለኝ። በሩን ከፈትኩለት። እግሩን ሊያነሳ ሞከረ፣ የትኛውን እንደሚያነሳ ጠፋው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ።

"ይቅርታ፣ የሰው ፈረስ ነው መሰለኝ" አለኝ።

ያኔ በኅዳሩ ቀን ግትርነት ነበር፤ አሁን ግን ግትር የሚሆን ሰው ውስጡ አልነበረም። የቀረው ሰውነቱ የሚያውቀው መንገድ ብቻ ነው፣ እሱም በግራ ነው። እህቴ ባጃጅ ጠራች። ባጃጁ በሁለቱም በኩል ክፍት ስለሆነ አባቴ በግራ በኩል ምንም ሳይቸገር ገብቶ ተቀመጠ። ዕድሜዬን የፈጀሁባት መኪና ደጅ ቆማ አባቴ በዚያ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሄደ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው፣ አብሯችሁ ሳለ አጫውቱት አለን።

ዳንግላ ስመለስ ያን በላሜራ የተለጠፈ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ ባትላሜራውን ጠርቼ መሪውን ወደ ቀኝ እንመልሰዋለን አልኩት። አበድሽ እንዴ አለ። ቀኝ መሪ ምርመራ አያልፍም፣ ቦሎ አይሰጥሽም፣ ጎዳና ላይ አትወጪም፣ ሸጠሽም አትገላገያትም እያለ አንድ በአንድ ነገረኝ። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ከራሴ ጋርም ተከራክሬበታለሁ፤ ባሕር ዳር ድረስ እነዳታለሁ ያልኳትን መኪና ለአንድ ግልቢያ ብዬ ላስራት ነው፤ እሱም ሥራው እስኪያልቅ የአባቴ እግር ከቆመለት ነው። ባትላሜራው እንደ ልማዱ ሊጨቃጨቅ አፉን ከፍቶ የኔን ፊት ሲያይ ተወው። መዶሻውን አንስቶ ልጥፉን ነቀለው። ቀዳዳው ከነዝገቱ እዚያው ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ሠራን። በእኛ በኩል ክረምት ማለት መብራት የሚጠፋበት ወቅት ነው፤ ብየዳው ሲጀመር ይጠፋል፣ እኛ ዕቃችንን ስንሰበስብ ይመጣል። በእጄ የሠራሁትን የፊት ገበታ፣ ዳሽቦርዱን፣ ለሁለት ቆርጬ አገላበጥኩት። የፍሬኑን፣ የፍሪሲዮኑን፣ የነዳጁን እግር ሁሉ ወደ ቀኝ አሻገርን። እህቴ በደወለች ቁጥር ቆሞ ይሄዳል ወይ ነው የምላት። ይሄዳል ትለኛለች፤ ቀጥሎ በሰው ይሄዳል አለችኝ፤ ቀጥሎ ደጅ መውጣት ቀንሷል አለች። መቼም ክረምትን ማስቸኮል አይቻል፣ እንደዚያን ጊዜ የዝናብ ድምፅ ያስጠላኝ ጊዜ የለም።

ጥቅምት ላይ መኪናዋን ይዤ አባቴ ደጅ ደረስኩ። እህቴ ደግፋው ወጣ፣ ከስቷል፣ ጋቢው ሰፍቶታል። በየት በኩል ግባ ያለው የለም። ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ሄደ፣ በሩን ራሱ ከፈተ፣ የጣራዋን ጠርዝ ያዘ፣ ቀኝ እግሩን አሳለፈና ቁጭ አለ። መሪ የለ፣ ምን የለ፣ ቦታው ነፃ ነው። እኔ በቀኝ ገባሁ። አባቴ ሁለት እጁን ከፊቱ እያዋለለ የሆነ ነገር ፈለገ፤ የደህንነት ቀበቶውን ሳቀብለው በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ልጓም ያዘው። ሞተሩን ሳስነሳ ጎንበስ ብሎ ለመኪናዋ የሆነ ነገር ተናገረ። በአገውኛ ነው። ፈረሱን ቀስ በል የሚልበት ቃል ነው። ዓይኔ እንባ ሞላና መንገዱ ጠፋኝ፤ ደግነቱ ሣር ላይ ነበርን።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ያለፈን ሁሉ ደነገጠ። ከፊት ለፊት ለሚመጣ ሰው ሹፌሩ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ መሪ የለውም፣ ቀበቶ ይዟል፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት ያያል። አንዱ ባለ ባጃጅ ቦይ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። እንጅባራ መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቆመን። በልማዱ በግራ በኩል መጥቶ አጎንብሶ አባቴን መንጃ ፈቃድ ጠየቀው። አባቴ አልተናደደም። ከልጅነቴ ጀምሮ እጋልባለሁ፣ ማንም ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም አለው። ትራፊኩ በሱ አሻግሮ እኔን አየኝ፣ መሪውን አየ፣ መስታወቱ ላይ ቀኑ ያለፈበትን ቦሎ አየ። ብዙ ሊል ይችል ነበር። ሽማግሌውን ቤት አድርሰሽ አቁሚያት፣ ሁለተኛ አስፋልት ላይ እንዳላያት ብቻ አለኝ።

ቤት ስንደርስ ኮፈኗን ከፍቼ ውሃ ልጨምርላት ጀሪካን አነሳሁ። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ጠራኝና ላቧ ሳይደርቅ ውሃ እንዳታጠጪያት አለኝ። እውነቱን ነው፤ የጋለ ሞተር የውሃ ክዳን አይከፈትም። ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። የትራፊኩን ቃል አክብሬ መኪናዋን እዚያው ተውኳት፣ በጋጣው ጣራ ሥር። እህቴ እንደነገረችኝ አባቴ ከዚያ ወዲህ ማለዳ ኮርቻ ተሸክሞ ባዶ ጋጣ ደጅ መቆሙን ተወ። በበትሩ ተደግፎ ይሄዳል፣ ኮፈኗን ደባብሶ ይመለሳል፣ ቁርሱን ይበላል።

የካቲት ላይ አረፈ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ሆነ፣ ፈረሰኞቹ ከየአቅጣጫው መጡ። ነገሩ የመጣው አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል ነው። የአባቴ ኮርቻና ግላስ ወጥቶ አጥር ላይ ተሰቅሏል፣ የሚለብሰው ፈረስ ግን የለም። ከዘመዶች አንዱ የራሱን ግራጫ ፈረስ እየሳበ አመጣ፣ ለዛሬ በዚህ እናልብሰው ብሎ። በቅን ልብ ነው፣ ማንም አይወቅሰውም። እኔ ግን የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ነው፣ ይቅርታ የሰው ፈረስ ነው መሰለኝ ሲል። ሴት ልጅ በፈረሰኞች ነገር ውስጥ አፍ የላትም።

የአባቴ ጓደኛ ሽማግሌው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ ፊት ወጡ። ግራጫውን ፈረስ አዩት። ከዚያ ወደ ጋጣው ዞሩ።

"ተዉት፣ የራሱ አለው" አሉ።

ዘመዳችን ግራጫውን መልሶ ሳበው። ግላሱን ከአጥሩ አውርደው በክንዳቸው ይዘው ሄዱ፣ የግራውን በር ከፍተው አባቴ በተቀመጠበት ወንበር ላይ አለበሱት፣ ቀዩን ዘርፍ አስተካክለው መስኮቱን ወደ ታች አወረዱ። ኮርቻውን ከላዩ አስቀመጡ። ከዚያ እኔን ግቢ አሉኝ። በቀኝ በኩል ገብቼ አስነሳኋት። ሽማግሌው በግራ በኩል ቆመው የበሩን ጠርዝ በአንድ እጃቸው ያዙና መራመድ ጀመሩ፣ ፈረስ እንደሚመሩ። እኔም በአንደኛ ማርሽ፣ በእርምጃቸው፣ ሣሩ ሆዷን እያሸው ተከተልኩ።

ፈረሰኞቹ መንገድ ለቀቁ። ለቃሹ በግራ በኩል ቆሞ ነበር። ሹፌር የሚቀመጥበት ቦታ ባዶውን ግላስ ለብሶ ሲያልፍ አየ፣ ያን ጊዜ ሜዳው ሁሉ በአንድ ላይ አለቀሰ። እኔ በወዲያኛው በኩል መሪውን ይዤ ነበር፤ ያየኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።